እናቴ ወገብዎን ስታይ

መሐል ሜዳ፣ መጋቢት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተከበሩ የክርስትና እናቴ
ራቤል

እንደምን ሰንብተዋል? ብርዱስ እንዴት ይዞዎታል? ጾሙን ከነሕመምዎ እንደሚጾሙት አልጠራጠርም፤ እልክዎን አውቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ይህን የሚያነቡልዎት አባ ገብረ አማኑኤል ይሆናሉ ብዬ ገምቻለሁ። አባ፣ እግርዎን ስሜ እለምናለሁ፤ የሚያሳፍር ቃል ላይ ሲደርሱ ሳይዘሉ ያንብቡልኝ።

እናቴ ወድቃለች። በየካቲት አጋማሽ ከደጃፍ ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ። ከአዲስ አበባ መጥቼ አብሬያት ከተቀመጥኩ ሦስት ሳምንት ሊሆነኝ ነው። ደብረ ብርሃን ወስጄ ራጅ አስነሣኋት። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ፣ አጥንቷ ከውስጥ ተበልቶ እንደሳሳ፣ ወገቧም የጎበጠው በዚሁ እንደሆነ ነገራት። ያን ጊዜ ሳቀች። ከአገራችን ከራቤል ከወጣን ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። «እኔንስ ማን በላኝ?» አለችው። ሐኪሙ አልገባውም። እኔ ገብቶኝ ወጥቼ አለቀስኩ።

እርስዎ ወገብዎ ጎብጦ አልጋ የያዙ ጊዜ «ቡዳ ናት፤ የቀጥቃጩ ሚስት በላችኝ» ማለትዎን አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ እሳት እንኳ የሚሰጠን ጎረቤት ጠፋ። አባቴ የሠራውን ማረሻ የሚገዛው ሰው እየቀረ ሄደ። የጓሳን ተራራ ተሻግረን ማንም ከማያውቀን አገር ገባን። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሕፃን አዝሎ ሲመጣ ፊቷን ታዞራለች፤ አየችው እንዳይሏት።

ሥራዬን ሰው ነግሮዎት ይሆናል። አዲስ አበባ አንድ ቤተ ሙከራ ተቀጥሬ፣ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የማየው አጥንት የሚበሉ ሕዋሳትን ነው። ቀልድ አይደለም፤ በሁላችንም አጥንት ውስጥ አሉ፤ በእርስዎም፣ በአባም። እነሱ ያረጀውን ይበላሉ፣ ሌሎች ደግሞ አዲሱን ይገነባሉ። አባቴ ክረምት ሲገባ ማጭዱን ሞራ ቀብቶ ይሰቅል እንደነበር ያስታውሳሉ? ሰውነታችንም የምንተነፍሰው አየር የሚያመጣበት ዝገት አለው፤ ያንን የሚከላከልበት የራሱ ሞራም አለው። ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ሞራው ይሳሳል። ዝገቱ ሲበዛ ትንንሾቹ ሕዋሳት እየተጣበቁ አንድ ትልቅ በላተኛ ይሆናሉ፤ ከሚገነባው የሚበላው ይበልጣል። እርስዎን የበላዎት ይኸው ነው። እናቴንም።

አሁን ወደ ራሴ ኃጢአት ልምጣ። ወገብዎ መጉበጥ በጀመረ ሰሞን ቤትዎ ጠርተው፣ ቆሎ በእፍኜ ሰጥተው፣ እናትሽ ወገቤን ትክ ብላ ስታይ አይተሻል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አዎ፣ አይቻታለሁ አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ አይታዎታለች። ያልነገርኩዎት ቤት ገብታ ለአባቴ ያለችውን ነው። «የልጃችን ክርስትና እናት ወገቧ እየጎበጠ ነው፤ ማንም ልብ አላለላትም፤ ምን ባደርግላት ይሻላል?» ነበር ያለችው። ሕመምዎን ከሰው ሁሉ አስቀድማ ያየች እሷ ነበረች።

ወሬው ሲነሣ ያንን ተናግሬ ላድናት ስችል ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ እኔም ፈራኋት፤ ከእጇ አልጎርስም ያልኩበት ጊዜ አለ። ማን እንደመሰከረባት እስከ ዛሬ አታውቅም። አዲስ አበባ ለብቻዬ የቀረሁት ሥራ በዝቶብኝ እንዳይመስልዎት። ፊቷን ማየት እየከበደኝ ነው።

የሚመጣው ቅዳሜ እሱባለው የሚባል ሹፌር ራቤል ጭነት አድርሶ ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ያመጣዎታል፤ ድንገት ፍሬን እንዳይዝ አስምዬዋለሁ። እባክዎ አይቅሩ። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ አልሰጣትም። በእርስዎ አፍ «አልበላሽኝም» ሳትባል እንዳትሄድ ነው የምፈራው።

ልጽፍልዎት መሆኑን ነግሬያት መልእክት እንዳላት ጠየቅኋት። «እኔ እሷን አየኋት፤ አንቺ እኔን አየሽኝ፤ አሁን ደግሞ እሷ መጥታ ትየኝ» አለች። «አንቺ እኔን አየሽኝ» ያለችው ምስክርነቴን አውቃ እንደሆነ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ።

መንገድዎን ያቅናልዎት፤ ለአጥንትዎ ብርታት ይስጥልኝ፤ ለትንሣኤው ሁላችንንም በአንድ ቤት ያድርሰን።

የክርስትና ልጅዎ