ከጎተራ የወጣው ማሽን

መቐለ፣ ዓይናለም
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሓወይ ሃፍታይ፣

ካምፓላ ዝናቡ በርትቷል ብለህ ነበር፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ሁላችን በሕይወት አለን። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ የሞተ ሰው እንዳትፈልግ ብዬ ነው። ድንጋጤው እኔን ገና አልለቀቀኝም። በስልክ ልነግርህ ጀምሬ ስላልሆነልኝ ጻፍኩልህ።

ነገሩ ስለ ኮሌጁ ሰርቨር ነው፤ የተማሪዎች ውጤት ሁሉ፣ ያንተም የፋርማሲ ውጤት ስላለበት ማሽን። አባታችን ሬጅስትራር ሳለ፣ ጦርነቱ ከተማ ከመግባቱ በፊት ከቢሮ አውጥቶ ቤት እንደደበቀው ታውቃለህ። የወረቀቱ ፋይል በሙሉ ሲጠፋ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ሰላም ከወረደ በኋላም ኮሌጁ ሲጠይቀው "ሰላሙ ይጽና" እያለ አልሰጥም አለ። አዲሶቹ ተማሪዎች በአዲስ ኮምፒውተር ተመዘገቡ፤ ከጦርነቱ በፊት የተማራችሁት የእናንተ ውጤት ጎተራ ውስጥ ቀረ። እናታችን "ከእኔ ይልቅ ለዚያ ብረት ይሳሳል" ስትል ስንቴ ስቀናል።

ዘንድሮ ኮሌጆቹ በየግላቸው ማሽን መግዛትና መጠገን ትተው አንድ የጋራ አገልግሎት እንዲጠቀሙ ሥራ ተጀመረ። በእኛ ኮሌጅ በኩል ኃላፊነቱ ለእኔ ተሰጠ። ሊረዳን ከአዳማ የመጣው ባለሙያ ዳኒ ይባላል። ነገሩን በወፍጮ ቤት መስሎ አስረዳን፤ ሁሉም ሰው ጓሮው ወፍጮ አይተክልም፤ እህል ሲኖረው ሄዶ ያስፈጫል። ኮሌጅም በምዝገባ ሰሞን ሰፊ አቅም ይወስዳል፣ በክረምት ጥቂት ይበቃዋል።

አባታችን እንዲያምን ዳኒን ቤት ይዤው ሄድኩ።

"ወደይ፣" አለው አባታችን እንደ ልጁ ቆጥሮ፣ "ስልክ በተዘጋ ጊዜ፣ ሰው ቤት ያስቀመጥኩትን ማን ያመጣልኛል?"

"አባባ፣ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የሚቀመጠው። አንዱ ቅጂ እዚሁ መቐለ፣ አንዱ አክሱም፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። መስመር ቢቆረጥ የዚሁ ቅጂ ይሠራል።"

"አንተስ እዚህ ሳለህ መንገዱ ቢቆረጥብህ?"

"እኔማ ቀድሜ እርስዎ ጎተራ ነው የምገባው!"

አባታችን ከልቡ ሳቀ። እሺ ያለው ግን ለቀልዱ ብሎ አይደለም። ኮሌጁ ውጤትህን ካላረጋገጠ የካምፓላው ሆስፒታል እንደማይቀጥርህ ስነግረው ነው። "ለሃፍታይ ከሆነ ውሰዱት" አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ራሱ በባጃጅ አመጣው። በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነበር። ጡረታ ሲወጣ የለበሰውን ሱፍ ለብሷል። የኮሌጁ ሰዎች "አቶ ገብረዝጊ መጡ" ብለው ከየቢሯቸው ወጥተው አጨበጨቡለት። ዳኒ መብራት ከመሰካቱ በፊት ክዳኑን ፈታ። በዓይኑ ጠራኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። መዳብ የነበረው ሁሉ ጠቁሯል፤ ጫፍ ጫፉ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል። ዳኒ በጣቱ ሲነካው አንዱ ሽቦ ተቀንጥሶ ወደቀ።

"አባባ፣ የት ነበር የተቀመጠው?"

"ጎተራ ውስጥ፣ ስንዴው መሀል። በላስቲክ ጠቅልዬ። አቧራ እንኳ አልነካውም።"

"ስንዴው መድኃኒት ነበረው?"

"እንዴታ! የነቀዝ ክኒን በየዓመቱ፣ ሳላጓድል። ነቀዝ ገብቶ እህሉን ብንደፋው ማሽኑ ይገለጥ የለ?"

ዳኒ "ገባኝ" ብቻ አለው። ከዚያ ኮሪደር ላይ ጠርቶኝ፣ ክኒኑ ነቀዙን የሚገድለው በሚተፋው ጋዝ እንደሆነ፣ ያ ጋዝ መዳብ እንደሚበላ፣ ላስቲክም እንደማያቆመው ነገረኝ። በዚያ ክፉ ዓመት ስንዴው የእኛ ነፍስ ነበር፤ ማሽኑ ደግሞ የእናንተ። አባታችን ሁለቱንም የጠበቀ መስሎት ነበር።

ውጤቱ የተጻፈባቸውን ዲስኮች አውጥተን በሌላ ማሽን ሞከርናቸው። አልተነሡም። አባታችን ቢሮዬ ተቀምጦ ይጠብቃል። ስገባ ብድግ አለ።

"ወጣ፣ ጓለይ?"

ምን ልበለው፣ ሃፍታይ? "ወጣ፣ ኣቦይ" አልኩት።

"የሃፍታይስ?"

"የሱማ መጀመሪያ።"

ዓይኔን ትንሽ አየት አደረገኝ። "ተመስገን" ብሎ ጋቢውን አጥፎ ሄደ።

እሱን ዋሸሁት፤ አንተን አልዋሽህም። ዳኒ አዲስ አበባ ያሉ ባልደረቦቹን ጠይቆ ነበር፤ ትናንት የመጣው መልስ ተስፋ የለውም የሚል ነው። እስካሁን ያላመኑበት ኮሌጆች ይህን ሲሰሙ ወደ ጋራው አገልግሎት ለመግባት ተሽቀዳድመዋል፤ ከእንግዲህ የአንድ ተማሪ ውጤት በአንድ ሰው ጎተራ ላይ አይንጠለጠልም። ለእናንተ ግን አልደረሰም። ትናንት በስብሰባ የተገኘው መንገድ አንድ ነው፤ ያስተማሩህ መምህራን እያንዳንዳቸው በፊርማቸው ይመስክሩልህ፣ ኮሌጁ ያጽድቀው። ሆስፒታሉ ይቀበለዋል ብዬ ቃል አልገባልህም። ከመምህራኑ ብዙዎቹ ወደየክልላቸው ተመልሰዋል፤ በሕይወት የሌሉም አሉ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ እናታችን ደወለች። ለእሷ ምንም አልነገርኳትም። አባታችን ያንኑ ሱፍ ለብሶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ወጥቷል። ዓዲ ሓቂ ሰፈር መምህር ጎደፋ ቤት፣ ከዚያም እንዳ ኢየሱስ ሰፈር መምህርት ሰላማዊ ዘንድ እሄዳለሁ አላት። ሁለቱም ያንተ አስተማሪዎች ነበሩ፤ የጠፋ ውጤት በመምህራን ፊርማ እንደሚተካ የድሮ ሬጅስትራር አያጣውም። "ምን ልታደርግ?" ብትለው፣ "ሰላም ልላቸው" አለ።

እና እለምንሃለሁ፤ ደውልለት። መናደድም ማልቀስም መብትህ ነው፤ ከመደወልህ በፊት ጨርሰው። "ኣቦይ፣ ውጤቴ ደረሰኝ፤ አንተ ባትጠብቀው የት አገኘው ነበር" በለው። ድምፅህ ከተንቀጠቀጠ መስመሩ ነው በል። የት የት ሲዞር እንደዋለ ግን አትጠይቀው።

በሰው አገር፣ ያለ ወረቀት የሚያምንህ ሰው አያሳጣህ።

እኅትህ ናዝሬት