ከስንጥቁ የመጣው ጭቃ

ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ ቀልዴ አላማረብኝም። የእህቴ ልጅ ሙሉዬ የሥነ ምድር ተማሪ ናት። ጋፋት ካለው ከእናቷ ቤት በላይ መሬቱ ስለተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁ አፈር አምጥታ በውሃ በጠበጠችው። አሸዋው ሲዘቅጥ ከላይ የቀረውን ድፍርስ በመስታወት ቁራጭ ላይ አፈሰሰችው። በጥላ ቀስ ብሎ ሲደርቅ አዲስ አበባ ሄዶ በኤክስሬይ ይታያል። ጭቃው ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ዓይነት ከሆነ፣ ተራራው በዝናብ ሊናድ ስለሚችል፣ እህቴ ክረምቱ ሳይገባ ቤቷን መልቀቅ አለባት።

እኔ ደግሞ፣ ያለ አስተማሪ ሬዲዮ መጠገን የተማርሁት ሰውዬ፣ መስታወቱን ምድጃው አፍ ላይ አስቀምጬ በአንድ ሰዓት አደረቅሁት።

«ሙሽራሽ ተኳኩሎ ደርሷል» አልኋት።

አልሳቀችም። «ጋሼ፣ እሳት አሳዩት እንዴ? ይህ ጭቃ ከጋለ ውስጡ ይጨማደዳል። መሣሪያው ደኅና አፈር ነው ሊለን ይችላል።»

«ይበለን እንጂ! እናትሽም ከቤቷ ትቀመጥ።»

«ቢያታልሉ መሣሪያውን ነው፤ ተራራውን አያታልሉትም።»

ሌላ አፈር ላመጣ ወደ ጋፋት ሄድሁ። እህቴ ደጃፏ ላይ ቆማ፣ «አንተ፣ ተራራዬን ቆፍረህ ልትጨርሰው ነው?» አለችኝ። አልፌያት ወደ ስንጥቁ ወጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ስንጥቁ መዳፌን ብቻ ያስገባ ነበር። ዛሬ ክንዴ ገባ።

አፈሩን ለሙሉዬ ሰጠኋት። እስከ ክርኔ የቆሸሸውን እጅጌዬን አየችው። ከዚያ አፈሩን በውሃ ልትበጠብጥ ተነሳች።