የቀይዋ ጭረት

ጥቅምት 4

ሱቅ ውስጥ ያው ነው። አንድ ሰውዬ መነጽሩን ከቁልፍ ጋር ኪሱ ከቶት ኖሮ "የሸጣችሁልኝ ሌንስ ተጫረ" ብሎ ጮኸብኝ። ዕድሜዬን ሌንስ ስቆርጥና ስሞርድ ኖሬ፣ የቁልፍ ጭረት ይጠፋኛል? ግን ምን ላድርግ... ይቅርታ ጠይቄ ቀየርኩለት። አመሰግናለሁ እንኳ አላለም።

ቤት ስገባ ቀይዋን አወጣኋት። የመጀመሪያዬም የመጨረሻዬም ኤሌክትሪክ ጊታር። አምፕሊፋየሩ ላይ አልሰካኋትም፣ እማዬ ጩኸት አትወድም። እንዲሁ ባዶዋን ነካ ነካ አደረግኋት። ከኔ በቀር የሚሰማት የለም። ማንስ ይስማት?

ጥቅምት 9

ወንድም ጋሼ ደወለ። የባህል አዳራሹ ስለ እሱ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው። የመድረክ ልብሶቹ፣ ፎቶዎቹ፣ ካሴቶቹ...

"ጊታሯንም ፈልገዋታል። የመጀመሪያ ዘፈኔ የተቀዳባት ናት እኮ!"

"ማን ተጫውቶባት?"

ሳቀ። "አንቺ ነሻ፣ ግራኟ! ማን ካደሽ?"

"እንግዲያው እሱም ይጻፍ።"

"ችግር የለም!"

ወንድም ጋሼን የምፈራው "ችግር የለም" ሲል ነው።

ጥቅምት 10

ስለ ቀይዋ ሳስብ ዋልኩ። አንድ ፍሬም አጣምሜ አለቃዬ ገላመጠኝ።

አባባ ያገለገለች ጊታር ገዝቶ ያመጣው ለወንድም ጋሼ ነበር። ለወንዱ ነዋ! እኔ ደግሞ ግራኝ ነኝ። ግራኝ ሰው ክሮቹን አዛውሮ መግጠም አለበት። ወንድም ጋሼ ግን "ክሬን ብትነኪ ጣትሽን ነው የምሰብረው" አለ። እሺ፣ ክሩን አልነካሁም። እሱ ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ጊታሯን ራሷን ገለበጥኳት። ቀጭኑ ክር ከላይ፣ ወፍራሙ ከታች። እንደዚያው ተማርኩ፣ እንደዚያው ቀረሁ። ዛሬ በወጉ ለግራኝ የተሠራ ጊታር ቢሰጡኝ አንዲት ዜማ አላወጣበትም።

ወንድም ጋሼ ጣቱን ሲያመው ጊዜ ጊታሩን ትቶ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ጥሩ ነው፣ እውነቱ ይነገር። የመጀመሪያ ዘፈኑ ሲቀዳ ከኋላው የተጫወትኩት እኔ ነኝ። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግን ቀይዋን ታቅፎ የቆመው እሱ ነው። "ለፎቶው እንዲያምር ነው" አለኝ። ያቋቋመው ባንድ ዝና ሲያገኝ ሌላ ጊታር ተጫዋች ቀጠረ። "ገልብጠሽ ስትይዢ ሰው ይስቃል" አለኝ። ቀይዋን ተወልኝ። አርጅታለችና።

ጥቅምት 15

ስለ ኤግዚቢሽኑ የምትጽፈዋ ጋዜጠኛ ቤት መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ከዓይኗ ግን የሚያመልጥ የለም። ቀይዋን አገላብጣ አየቻት።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ነጭ ፕላስቲክ አለ። መምቻው እንዳይጭራት ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ታዲያ ፕላስቲኩ እንደ አዲስ ነው፣ የተጫረው በወዲያኛው በኩል፣ ከክሮቹ በላይ። ምነው?"

ወይ ደስታዬ! ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው ለካ ያረጀሁት። ገልብጬ ያዝኩና አሳየኋት። እኔ ስይዛት ያ ጎን ወደ ታች ይዞራል። ክር በመታሁ ቁጥር መምቻዬ እዚያ ያርፋል። ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ እስኪታይ ድረስ።

"እንግዲያው በካሴቱ ላይ የሚሰማው እርስዎ ነዎት!" አለች። "ይሄንን ነው የምጽፈው። መጀመሪያ ግን እሳቸውንም ልጠይቃቸው።"

ጠይቂው የኔ ልጅ፣ ጠይቂው።

ጥቅምት 18

የወንድም ጋሼ ሹፌር መጥቶ ቀይዋን ወሰዳት። የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቷት ሄደ። ቤቱ ጭር አለብኝ... ለአንድ እንጨት!

ጥቅምት 26

"ነይ፣ ጉድ ላሳይሽ" ብሎ ወንድም ጋሼ ጠራኝ። ሄድኩ። ሳሎኑ መሃል አቁሟታል። መኪናውን ለሚቀባለት ጋራዥ ሰጥቶ አስቀብቷታል። ተፍቃ፣ ተለስና፣ ተቀብታ። ከድሮው ቀይ የበለጠ ቀይ። ፊቴ ይታየኛል ላይዋ ላይ።

እጄን አሳለፍኩባት። ልስልስ። አንድም ነገር የለም።

"ምነው፣ አላማረችሽም? እንደ አዲስ አደረግኩልሽ እኮ!"

"ጭረቱስ?"

"ያን ሁሉ ብልሽት ይዛ ሰው ፊት ትቅረብ? ደግሞ ያቺ ጋዜጠኛ ጭረት፣ ጭረት እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። ይኸው፣ ተገላገልን።"

ተገላገልን! አፉ ላይ እንዴት ቀለለው...

ወጥቼ በእግሬ ሄድኩ፣ ታክሲ ውስጥ ማልቀስ ስለማልፈልግ።

ጥቅምት 27

ሥራ አልገባሁም። አሞኛል አልኩ፣ ውሸትም አይደል።

እማዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ለቀለም ብለሽ ነው የምትኮርፊው? ወንድምሽ እኮ ነው። ደስታውን አታበላሺበት።"

የኔን ደስታ ማን አበላሸው ብሎ የሚጠይቅ በዚህ ቤት የለም?

ኅዳር 3

የኤግዚቢሽኑ መክፈቻ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ቀይዋ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆማለች፣ መብራት በርቶላት። ሥሯ ካርቶን ላይ "አንጋፋው ድምፃዊ የመጀመሪያ ዘፈኑን የተጫወተባት ጊታር" ይላል። እኔ የለሁበትም።

ጋዜጠኛዋ ሣጥኑን ዞረችው። ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየች።

"ጭረቱ የት አለ?" ብላ ወንድም ጋሼን ጠየቀችው፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት።

ሳቁን ለቀቀው። "እህቴ ቀልድ ትወዳለች! ከልጅነቷም እንዲህ ናት።"

ሰው ሁሉ አብሮት ሳቀ። አፌን ልከፍት ስል እማዬ ክንዴን ጨበጠችኝ። አጨባበጧን አውቀዋለሁ። ዝም አልኩ።

ኅዳር 4

ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ የምለው ወንድም የለኝም። ዘፋኙ ነው። እንደማንኛውም ሰው፣ ዘፋኙ።

ኅዳር 11

ጋዜጣው ወጣ። ረጅም ጽሑፍ፣ ትልቅ ፎቶ። ስለኔ ምንም። ልጅቷ ምን ታድርግ? እኔ ራሴ ዝም ብዬ...

ታኅሣሥ 6

ከአዳራሹ ሥራ ቦታዬ ድረስ ተደወለልኝ። ኤግዚቢሽኑ አልቋል፣ ሣጥኑ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። ዘፋኙን ቢጠይቁት "እህቴ ትውሰዳት፣ እኔ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም" አለ።

እንዲህ ነው። ታሪኬን ከላይዋ ፋቀው፣ ከዚያ እሷን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።

ታኅሣሥ 7

በምሳ ሰዓት ሄድኩ። መጥረጊያና የተሰበሩ ወንበሮች መሃል ግድግዳ አስደግፈዋታል። ካርቶኑን በፕላስተር ለጥፈውባታል። ጥበቃው "የዘፋኙ ቤተሰብ ነዎት?" አለኝ። "የጊታሯ ነኝ" አልኩት። ግራ ገባው። ካርቶኑን ገነጠልኩና መጥረጊያዎቹ ላይ ጣልኩት።

ቤት አምጥቼ ዝም ብዬ አየኋት። አላወቀችኝም፣ እኔም አላወቅኋት። ገልብጬ ያዝኳት። አንገቷ ግን ያው ነው... አንገቷን አልቀቡትም። ጣቴ ቦታውን አገኘ።

አምፕሊፋየሩን አቧራውን ጠርጌ ሰካሁት። እማዬ ትጩህ። የመጀመሪያውን ዘፈን መግቢያ ተጫወትኩት፣ ካሴቱ ላይ እንዳለው፣ ሳልሳሳት። እጄ አልረሳም! ደግሜ ተጫወትኩት።

ከጓዳ የእማዬ ድምፅ መጣ። ደስታ ያንቀጠቅጠዋል።

"ወንድምሽ መጣ እንዴ?"

እጄ ክሩ ላይ ቀረ።

"እኔ ነኝ፣ እማዬ። ያኔም እኔ ነበርኩ።"

"እንግዲያው ቀንሺው፣ ራሴን አመመኝ" አለች።

አልቀነስኩም። በኃይል መታሁት፣ መምቻው ከእጄ እስኪያመልጥ ድረስ። ስጨርስ አቃንቼ ያዝኳትና መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ከክሮቹ በላይ፣ ጋራዡ ባሳመረው ቀለም ላይ፣ ፀጉር የምታህል ጭረት ወጥታለች።

ነገም እመታዋለሁ።