ለአራት ሰዓት ብቻ ወንድ ሁኚ ስለተባለችው አክስቴ

ለክቡር ዶን ጋውዴንዚዮ ማላፖንቴ፣
የሮካማራ የቅድስት ዶሮቴያ ተሸካሚዎች ማኅበር የሠላሳ አንድ ዓመት ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቀኙ ደህና መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ግራው ግን ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይናገራል ስለሚባል ለእሱ ለብቻው ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የደም ግፊትዎም ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ባለበት ይጽናልዎ።

ደብዳቤዬን የሞት ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ ስለለጠፍኩት ቅር እንዳይሰኙብኝ። በከተማችን ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነው ሁሉ ቁርሱን ሳይቀምስ መጥቶ የሚያነበው ጽሑፍ ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው። ማንም እንዳልሞተ ከወዲሁ አረጋግጣለሁ። ሊሞት የተቃረበ ነገር ቢኖር የፊታችን እሑድ ንግሥ ነው፤ የምጽፍልዎም ስለ እሱ ነው።

እኔ ኦርያና ፓሳላኳ ነኝ፤ የጎሚስታዋ የኤርሲሊያ የወንድም ልጅ፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። ልጅ በትልቅ ሰው ጉዳይ አይገባም እንደሚሉ አውቃለሁ። አክስቴ ራሷ ብትጽፍልዎ ደስ ባለኝ ነበር፤ እሷ ግን ደብዳቤዎ ከደረሳት ቀን ጀምሮ አንድ ጎማ ይዛ ስትወቅጥ ነው የምትውለው፤ ስጠይቃት “ተያቸው ኦርያናዬ፣ ሽማግሌዎች ናቸው” ትለኛለች። ልተዋችሁ ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ነገሩን ለማያውቁ የሰሌዳው አንባቢዎች ባጭሩ ላስታውስ። አክስቴ ለአሥራ አንድ ዓመት ኤርሲሊያ የነበረችው ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ እሑድ ማታ፣ ያውም ሰባ ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው የወደብ ከተማ ብቻ ነበር። ቀሚሷን የምትለብሰው ከመንገዱ ዋሻ ወዲያ ባለው የነዳጅ ማደያ መጸዳጃ ቤት ነው፤ የምታወልቀውም እዚያው ነው። ሰኞ ጠዋት ተመልሳ ሌላ ሰው ሆና ጎማችሁን ትለጥፍላችሁ ነበር። ዘንድሮ በፋሲካ ማግስት ግን “መንገዱ ሰለቸኝ” አለችና ሰባቱንም ቀን ራሷን ሆና እዚሁ ለመኖር ቆረጠች። ማክሰኞ ጠዋት ቀሚሷ ላይ ቱታ ደርባ ሱቋን ከፈተች፤ በሩ ላይም “ኤርሲሊያ ጎሚስታ” ብላ በቀይ ቀለም ጻፈች። ከተማው ለሦስት ቀን ትንፋሹን ዋጠ። በአራተኛው ቀን የአባ ኤቶሬ ጎማ ተነፈሰ። ሌላ ጎሚስታ ያለው ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ወዲያ ነውና ሮካማራ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠለጠነች።

አያቴ ቪንቸንዚናም ሁለት ሳምንት አኩርፋ ዝም አለች፤ ለአያቴ ሁለት ሳምንት ዝምታ ማለት አንድ ጾም ማለት ነው። በአሥራ አምስተኛው ቀን ልጇን ከእግር እስከ ራሷ ገላምጣ “ይሄ ቢጫ አይሄድብሽም፣ የታመምሽ ነው የምትመስዪው፤ ሰማያዊ ልበሺ” አለቻት። እርቅ በዚሁ ወረደ።

እርስዎ ግን በማኅተም የታተመ ደብዳቤ ላኩ። እጅግ ያማረ ደብዳቤ ነው። “ማኅበሩ የግል ሕይወትዎን ያከብራል፤ የሚለምነው በንግሡ ዕለት ለአራት ሰዓት ብቻ፣ እንደ ቀድሞው በሱሪና በነጭ ሸሚዝ፣ በቀድሞ ስምዎም ተመዝግበው የግራውን የፊት እንጨት እንዲሸከሙ ብቻ ነው” ይላል። የቅድስቲቱ የተቀረጸ ምስል በትከሻ ከሚወጣባቸው እንጨቶች መካከል ያ የግራ የፊቱ እኮ የሚናገር እንጨት ነው፤ ከእሱ ሥር የሚቆም ሰው ነው ለሃያ ሦስቱ ሌሎች ተሸካሚዎች ቁሙ፣ ታጠፉ፣ ዝቅ በሉ እያለ የሚጮኸው። ለሃያ ሁለት ዓመት የጮኸችው አክስቴ ናት። ስለዚህ ለደብዳቤዎ ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታዎች ጋር በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ አራቱ ሰዓት። ለቁጠባዎ እናመሰግናለን፤ ሙሉ ቀን ሊጠይቁ ሲችሉ አራት ሰዓት ብቻ መጠየቅዎ ከልብ የመነጨ ርኅራኄ ነው። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ በምላሹ አንዲት ትንሽ ውለታ እንለምንዎታለን፤ እሑድ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት እርስዎ ለአራት ሰዓት ብቻ ዶና ጋውዴንዚያ ቢሆኑልን። የአያቴን ጥቁር ቀሚስ እናውስዎታለን፤ በወገቡ በኩል ትንሽ ይለቀቃል። ከሴቶቹ ረድፍ ሻማ ይዘው ይሄዳሉ፤ ሻማው አይከብድም። ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይጠራዎታል፤ እርስዎም አቤት ይላሉ። ማታ ወደ ቤትዎ ሲገቡ ቀሚሱን አውልቀው ምንም እንዳልሆነ ራትዎን ይበላሉ። እያነበቡ ፊትዎ ከቀላ፣ ያ ነው። አክስቴ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሰኞው ፊቷ እንደዚያ እየቀላ ነው የኖረችው።

፪ኛ/ ስለ ጉብታው። የተሸካሚ ትከሻ ላይ እንቁላል የሚያህል ጉብታ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ በበጋ የማኅበሩ አባላት በካናቴራ አደባባይ ወጥተው ጉብታቸውን እንደ ኒሻን ያስጎበኙናል። አክስቴ በሐምሌ ትከሻው ክፍት የሆነ ቀሚስ ለብሳ አይስክሬም ስትበላ ግን “ምልክቱ የማኅበሩ ነውና ይሸፈን” የሚል መልእክት ላኩባት። ጉብታው የማኅበሩ ንብረት ከሆነ እባክዎ ሰው ልከው ይውሰዱት፤ በክረምት ብርድ ሲነካው ያማታልና እኛም እናርፋለን።

፫ኛ/ ስለ አማችዎ ስለ ኩዊንቲኖ። አክስቴ ግብዣዎን በአክብሮት ስላልተቀበለች፣ ባለፈው እሑድ ልምምድ በግራው እንጨት ሥር የቆመው ኩዊንቲኖ ነበር። ኩዊንቲኖ መልካም ሰው ነው፤ ፈጣሪ ቁመቱ ላይ ሲደርስ ጭቃ አልቆበት ነው እንጂ። ትከሻው ላይ ሦስት የሶፋ ትራስ አሰሩበት። ትራሶቹ ቁመቱን እንጂ ድምፁን አላስረዘሙለትም። ወደ መድኃኒት ቤቱ ጥግ ስንደርስ “ይቅርታ... ማለቴ... ወደ ግራ ብንሄድ ምን ይመስላችኋል?” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከኋላ ያሉት ሐሳቡ ላይ መወያየት ጀመሩ። ግማሾቹ ታጠፉ፣ ግማሾቹ ወደፊት ቀጠሉ፤ ቅድስቲቱም አዘነበለችና ቅርጫት የያዘ እጇን ወደ መድኃኒት ቤቱ ሰገነት ሰደደችው። ሲመለስ በቅርጫቷ ውስጥ ባሉት ፖሞች ላይ የባለ መድኃኒት ቤቱ ባለ አበባ ፒጃማ ነበረበት። አሮጊቶቹ አዲስ ንዋየ ቅድሳት የወጣ መስሏቸው ተንበረከኩ።

እስከዚህ ድረስ ሳቅን። ከዚያ እንጨቱ ሲንቋቋ ሰማን፤ መሳቅም አቆምን። ምስሏ ወደ ግራ እየወረደች ነበር፤ ከሥሯ ኩዊንቲኖ ከሦስት ትራሱ ጋር ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። እርስዎ “ያዙ! ልቀቁ! ያዙ!” ይላሉ፤ አባ ኤቶሬ ጉዳዩ የማኅበሩ ነው ብለው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

አክስቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ከሴቶቹ ረድፍ አጠገቤ ቆማ ነበር። አንድ ነገር ልንገርዎ፤ አያውቁትምና። ከፋሲካ ወዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ማታ ማታ ሱቁን ዘግታ በስልኳ እያዳመጠች ቀጭን ድምፅ ትለማመዳለች፤ የጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር እየጮኸ እንኳ ለደንበኛ የምትናገረው በሹክሹክታ ነው። ያን የድሮ ድምፅ አንዴ ካወጣችው አደባባዩ በሙሉ ዞሮ በድሮ ስሟ የሚጠራት ይመስላታል። የሻማው ሰም እጇ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ፤ አልተሰማትም። እንጨቱ ሁለተኛ ሲንቋቋ ሻማዋን ለእኔ ሰጠችኝ።

“ቁም! ማንም እንዳይነቃነቅ! የኋላ ቀኝ፣ ዝቅ! ኩዊንቲኖ፣ ትራሱን ጣልና ጭንቅላትህን አውጣ! አሁን ግራ... ቀስ... ቀስ... ነይ እናቴ፣ ነይ፣ ግቢ።”

የመጨረሻውን የተናገረችው ለቅድስቲቱ ነበር፤ ለሃያ ሁለት ዓመት እዚያች ጥግ ላይ እንደምትላት። ሃያ አራት ወንድ እንደ አንድ ሰው ታዘዘ። ቅድስት ዶሮቴያ ከነፒጃማዋ ታጠፈች፤ ኩዊንቲኖም በሕይወት ወጣ።

እርስዎም እግዜር ይስጥሽ ማለት ሲገባዎት፣ ዱላዎን አንሥተው “አያችሁ! ይሄ ነው የወንድ ድምፅ! ወንዱ ወጣ!” አሉ። አክስቴ አንገቷን ደፋች።

ለዚህ ንግግርዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ባይናገሩት ኖሮ ጥጉ ላይ በወንበር ተቀምጣ የነበረችው አያቴ ባልተነሣች ነበር። “ምን አልክ አንተ ጋውዴንዚዮ?” ስትል የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነዘረ፤ ርግቦቹ ከደወሉ ማማ ላይ ተነሡ። ድምፁ ያው የአክስቴ ድምፅ ነው። ያው፣ አንድ ክር ሳይጎድል።

“ይሄ ድምፅ የኔ ነው! ከእናቴ ወርሼ ለልጄ ያወረስኩት ነው! ባሌን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሸለቆው ማዶ ከወይራው እርሻ ለምሳ የምጠራው በዚህ ነበር። አንተንስ በሃያ ዓመትህ ከመስኮቴ ሥር ማንዶሊን ይዘህ ስትመጣ ያባረርኩህ በምን ድምፅ ነው? ያን ጊዜ ወንድ መስዬህ ነው የዘፈንክልኝ?”

ክቡር ሊቀመንበር፣ ዱላዎን ለማንሣት ጎንበስ ብለው ስለነበር ምናልባት አላዩ ይሆናል፤ አደባባዩ በሙሉ ሲስቅ አክስቴም ሳቀች። በሹክሹክታ አይደለም። ከፋሲካ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ሞልታ፣ በአያቴ ድምፅ ሳቀች። ከዚያ ማታ ጀምሮ ስልኩን ተቀምጣ አታዳምጥም፤ ትናንትም አንዱን ከባድ መኪና ነጂ ከሱቋ ሆና መንገድ ማዶ ድረስ ተከራክራ አሸንፋዋለች።

፬ኛ/ ይህ የመጨረሻው ነው። ማኅበሩ ማክሰኞ ዕለት ተሰብስቦ የአክስቴ ድምፅ ተቀድቶ በኩዊንቲኖ ቀበቶ ላይ በሚታሰር ማጉያ ይሰማ የሚል ሐሳብ እንዳቀረበ ሰምተናል። ድምፅዋ ይምጣ፣ እሷ ግን ትቅር መሆኑ ነው። ጥበበኛ ሐሳብ ነው፤ እኛም በዚሁ መንገድ የእርስዎን ማኅተም ብቻ ተቀብለን እርስዎን ቤት ብናስቀምጥ ማኅበሩ ምን ያህል ወደፊት ይራመድ እንደነበር አስበን ተጽናንተናል።

እንግዲህ መልሳችን ይኸውልዎ። እሑድ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት አክስቴ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ትገኛለች፤ በሰማያዊ ቀሚስ፣ በጠፍጣፋ ጫማ፣ የግራ ትከሻዋ ተገልጦ። መዝገቡን ትከፍታለች። በግራው የፊት እንጨት መስመር ላይ “ኤርሲሊያ ፓሳላኳ” የሚል ካገኘች ከሥሩ ትገባለች፤ ሰኔ ላይ ያወጣችው መታወቂያም ይህንኑ ስለሚል ጸሐፊዎ የሚቸገርበት ነገር የለም። ሌላ ስም ካገኘች ሻማዋን ይዛ ወደ ሴቶቹ ረድፍ ትመለሳለች፤ ጥጉ ላይም እንደ ጨዋ ሴት ዝም ትላለች። ባለ መድኃኒት ቤቱ ልብሱን ከወዲሁ እንዲያስገባ ነግረነዋል።

እውነቱን ከነገርኩዎ ግን ዝም ማለቱን እንደማትችለው እናውቃለን። ያን እንጨት ትወደዋለች። ከእሑድ በፊት ባሉት ሌሊቶች እንቅልፍ የማይወስዳት ለእርስዎ ደብዳቤ ብላ አይደለም፤ ቅድስቲቱ ትወድቅብኛለች ብላ ነው። ከራሷና ከቅድስቲቱ አንዱን ምረጪ አይበሏት። ከእርስዎ የሚፈለገው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ መስመሩን ለመጻፍ ደግሞ ትከሻ አያስፈልግም።

የማኅበሩን ማኅተም፣ የዱላዎን እጀታና ያን ዝናብ ነጋሪ ግራ ጉልበትዎን በየተራ በአክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ከሮካማራ ወጣቶች ሁሉ ያነስኩ፣ ከሁሉም በላይ ግን የሚታዘብ ዓይን ያለኝ ታዛዥዎ፣

ኦርያና ፓሳላኳ

ማስታወሻ፦ አያቴ ያን የመስኮት ሥር ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሁንም በቃሏ ትወጣዋለች፤ ዓይኖቿን ከበቅሎዎ ዓይኖች ጋር ያመሳሰሉበትን ስንኝ ጨምሮ። ከዚህ ደብዳቤ በታች ባዶ ቦታ የተውኩት ወረቀት ተርፎኝ አይደለም። መዝገቡ እስከ ዓርብ ማታ ካልተስተካከለ ግጥሙ ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ይለጠፋል፤ ባለቤትዎ ሰሌዳውን ከእርስዎ ቀድመው እንደሚያነቡ አውቃለሁ።