በገመዱ ላይ ስለቀረው ቋጠሮ

ለተከበራችሁ የአምባው ደን የእግር መንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣
ባላችሁበት።

ከሁሉ አስቀድሜ አላህም እግዜርም ጤናችሁን ያብዛላችሁ፤ በተለይም ከመካነ ሰላም እስከ ደኑ በር በመኪና ስትመጡ ወገባችሁን ከኮረኮንቹ ይጠብቅልን እያልኩ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ኪዳነማርያም ከደኑ ሥር የምኖር፣ በበቅሎ እህል ጭኜ ወደ ከላላ ገበያ የምመላለስ ነጋዴ ነኝ። ዓይነ ስውራን ያለ መሪ እንዲንሸራሸሩ ከዛፍ ዛፍ ገመድ ስለዘረጋችሁ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። በእጅ እየዳበሱ ሲሄዱ አንድ ቋጠሮ ከተገኘ ደረጃ አለ፣ ሁለት ከተደረበ ደግሞ ምንጩ ስለተደረሰ ገመዱን ለቆ ወደ ቀኝ መራመድ ነው። ጎረቤቴ ጠይባ ዓረብ አገር ሠርታ ዓይኗን አጥታ ከተመለሰች ወዲህ ሰው ሳይጎትታት የሄደችው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። «አያ ኪዳነማርያም፣ እዚያ እኮ ማንም ከንፈር አይመጥልኝም» ብላኝ ነበር። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ በምርቃቱ ዕለት ዓይናችሁን በሻሽ አስራችሁ፣ ገመዱን ይዛችሁ ፎቶ መነሣታችሁ ልባችንን ነክቶታል። ፎቶው ሲያበቃ ግን ሻሹን ፈታችሁ በመኪናችሁ ተመለሳችሁ፤ ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ወገን ያንን ገመድ የነካ እጅ ስለመኖሩ አልሰማንም።

ሁለተኛ፣ ገበያተኛው በቅሎ የሚያስርበት ግንድ በደኑ አፍ እንዲተከል ብንለምናችሁ ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው አላችሁን። በቅሎ ጥናት እስኪያልቅ ቆማ አትጠብቅምና ሁላችንም በገመዱ ላይ እናስር ጀመር።

ሦስተኛ፣ ጠይባ ወድቃ እጇ ሲሰበር ስብሰባ ጠርታችሁ «አደጋው የደረሰው በተጠቃሚዋ ጥንቃቄ ጉድለት ነው» በማለት መንገዱን ለዓይነ ስውራን ዘጋችሁት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ ባለበቅሎን መናገር ገበያውን ሁሉ ማስቀየም ነዋ።

አራተኛው አቤቱታ በእናንተ ላይ አይደለም። በቅሎዬ ደንባሪ ስለሆነች ጠይባ የወደቀች ዕለት ገመዱ ላይ ደርቤ ቋጥሬያት ነበር፤ ቋጠሮው ዝናብ ጠጥቶ አልፈታ ሲለኝ፣ ገበያው ረፈደብኝ ብዬ የበቅሎዬን ማሰሪያ በቢላ ቆርጬ ቋጠሮውን እዚያው ገመዱ ላይ ትቼው ሄድኩ። ጠይባ ሁለት ቋጠሮ ስትዳብስ ምንጩ ደረሰ ብላ ገመዱን ለቀቀችና ወደ ቀኝ ተራመደች፤ በቀኝ በኩል የነበረው ቁልቁለት ነው። በስብሰባው ላይ ጥፋቱ የእርሷ ነው ስትሉ እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ነበር፤ ስታጨበጭቡም አጨበጨብኩ። ልጠይቃት ቤቷ ስሄድ «ተሳስቼ ነው የዳበስኩት አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለችኝ። እኔም ያቀረቡልኝን በልቼ፣ አብሽሪ ብያት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አፍራለሁ።

ስለዚህ ጥፋቱ በእኔ ስም እንዲጻፍ፣ መንገዱም ለጠይባና ለመሰሎቿ እንዲከፈት በትሕትና እለምናለሁ። የበቅሎ ማሰሪያውን ግንድ እኔው ቆፍሬ እተክለዋለሁ፤ ጥናታችሁ ካለቀ ትመርቁታላችሁ፣ ሻሹም አይጠፋም።

በእናንተ ትጋት እጅግ የተደነቀው፣ በራሱ ግን ያፈረው፣
ባለበቅሎው ኪዳነማርያም

ማስታወሻ፦ ዓይነ ስውር እንዳይገባ የሚከለክለውን ማስታወቂያ በቀይ ቀለም አስውባችሁ በሩ ላይ ሰቅላችሁታል፤ ስለ በቅሎ ግን አንድም ቃል የለበትም። ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለጠይባ አነበብኩላት። «እኔ ምንም ማስታወቂያ አላየሁም፤ እጄ ሲድን እሄዳለሁ» አለች። ስለ ቋጠሮው ግን እስካሁን ምንም አላለችኝም።