የአንጋፋው ጀማሪ የአቶ ይሄነው ውበቱ ዕረፍት

የመካነ ሰላም ‹‹ትጉሃን›› ጽዋ ማኅበር፣ አባሉ የነበሩት አቶ ይሄነው ውበቱ መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለአጥቢያው ምእመናንና ለከተማው ነዋሪ ሁሉ የሚያስታውቀው በተሰበረ ልብ ነው። የቀብራቸው ሥርዓትም በማግሥቱ የቅሬው፣ ማለትም የዕድሩ፣ አባላት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በተገኙበት ተፈጽሟል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ እርማት አለ። በቀብሩ ዕለት በተነበበው የሕይወት ታሪካቸው ላይ ማኅበሩ ሟቹን ‹‹በመንፈሳዊ ሕይወታቸው ፍጹም የነበሩ›› ብሏቸው ነበር። ባለቤታቸው ወ/ሮ የኔአለም ከለቅሶው መካከል ቀና ብለው፣ ‹‹ኧረ ወዲያ! ይህን ቢሰማ ከሳጥኑ ተነሥቶ ይቆጣችሁ ነበር። ፍጹም አልነበረም፤ ሲጥር ነው የኖረው›› ስላሉ፣ አንባቢው ያቺን ቃል ዘሎ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ተደርጓል። ማኅበሩ እርማቱን ከምስጋና ጋር ተቀብሏል።

አቶ ይሄነው በወግዲ ገጠር ተወልደው፣ ገና በጎልማሳነታቸው ወደ መካነ ሰላም መጥተው ወፍጮ ቤት ከፈቱ። ወፍጮው ጥሩ ይፈጭ ነበር። ባለቤቱ ግን ቁጡ ነበሩ። ከተማው ‹‹ሞተሩ ቢጠፋም ይሄነው አይጠፋም›› ይላቸው እንደነበር ማኅበሩ መደበቅ አይችልም፤ ቢደብቅም የሚያምነው የለም።

በ1999 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ የማኅበራችን አባል ወ/ሮ በዛች ለወንድ ልጃቸው ሠርግ የሚሆን ስንዴ ለማስፈጨት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄዱ። ‹‹ተራሽ አይደለም››፣ ‹‹ተራዬ ነው›› በሚል ክርክር ተነሣ። አቶ ይሄነው ስንዴውን ከነማዳበሪያው አንሥተው ዝናብ ላይ ወረወሩት። ወ/ሮ በዛች ከጭቃው ላይ በእጃቸው ለቅመው፣ አጥበው፣ አስጥተው፣ ሌላ ወፍጮ ቤት አስፈጩት። ይሁን እንጂ ጊዜው አጭር ነበርና አፈሩ ሳይለቅ ቀርቶ የሠርጉ ዳቦ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጭ እንደነበር የተጠሩት ሁሉ ይመሰክራሉ።

በማኅበራችን ሥርዓት የተጣሉ ሰዎች ባሉበት ዳቦው አይቆረስም፣ ጽዋውም አይዞርም። በቀጣዩ ወር አሥራ አራት ቀን አባላት ተሰብስበው እስከ ምሽት በጾም ተቀመጡ። በመጨረሻ መምሬ ጋሹ፣ የማኅበሩ የንስሐ አባት፣ ሁለቱን አስነሥተው አቆሟቸው። አቶ ይሄነው ከወ/ሮ በዛች እግር ሥር ወድቀው ‹‹ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እትየ በዛች። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኛለሁ›› አሉ። ወ/ሮ በዛችም፣ ‹‹ይቅርስ ብየዎታለሁ። ሌላ ሰው ሆኛለሁ ያሉትን ግን አልቀበልም፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ለጳጉሜን ይምጡና ተሻልሁ ወይ ብለው ይጠይቁኝ›› ብለው መለሱላቸው። ዳቦው በዚሁ ተቆረሰ።

ወ/ሮ በዛች ይህን ሲሉ ሰውየው ከምራቸው ይመጣሉ ብለው አላሰቡም። ሰውየው መጡ። በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን፣ ጠበል ተጠምቀው ሲመለሱ፣ ገና ፀጉራቸው ሳይደርቅ የወ/ሮ በዛችን በር አንኳኩተው ‹‹ተሻልሁ?›› አሉ። ‹‹ገና ነዎት›› ተባሉ። እጅ ነሥተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እስከ ታመሙበት ዓመት ድረስ አንድም ጊዜ አልቀሩም፤ መልሱም አንድ ጊዜም አልተለወጠም።

ማኅበሩ የሟቹን ትጋት የሚዘክረው ከዚህች ‹‹ገና›› ተነሥቶ ነው።

በ2000 ዓ.ም. ለሰንበት ትምህርት ቤት ተመዘገቡ። የአዋቂ ክፍል ስላልነበረ ከሕፃናቱ ጋር ተቀመጡ። ትምህርቱን ሲጨርሱ ግን ወደሚቀጥለው ክፍል አልዛወርም አሉ። ‹‹ትዕግሥት የሚለውን ምዕራፍ ሰምቼዋለሁ እንጂ አልተማርሁትም›› በማለት እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ለብዙ ዓመታትም እንዲሁ ሲደጋግሙ ኖሩ። አብረዋቸው የጀመሩት ሕፃናት ዲያቆናት ሆነው ሊያስተምሯቸው መጡ።

በ2004 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ለንስሐ የሚሰለፈው ምእመን ወረፋ በእርሳቸው ምክንያት አልንቀሳቀስ እንዳለ ለማኅበሩ አቤቱታ ቀረበ። ሟቹ ያሰቡትን፣ ሊያስቡት የነበረውንና ባያስቡት ደስ የሚላቸውን ሁሉ ይዘረዝሩ ስለነበረ፣ መምሬ ጋሹ ራሳቸው ‹‹ልጄ፣ የቀረውን እግዜር ያውቀዋል፤ እኔም እህል ልቅመስ›› እስከ ማለት ደርሰዋል። ማኅበሩ ከሰው ሁሉ ኋላ እንዲሰለፉ ወሰነ። በወፍጮ ቤታቸው በተራ ሲያዋክቡን የኖሩት ሰው ውሳኔውን ያለ አንዳች ቃል ተቀበሉ። ይህ ብዙዎቻችንን አስደንግጦናል።

በ2006 ዓ.ም. ጥያቄያቸውን ለጎረቤትም አዳረሱት። ባለሱቁ አቶ አህመዲን፣ ‹‹ማሻ አላህ ጋሼ፣ እርስዎማ መልአክ ሆነዋል›› ብለው ቢያመሰግኗቸው፣ አቶ ይሄነው መንገዱ እስኪሰማ ‹‹አትዋሸኝ!›› ብለው ጮኹባቸው። በማግሥቱም ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። አቶ አህመዲን ከዚያ ዓመት ጀምሮ ‹‹ወላሂ ጋሼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ነዎት›› ማለትን ለመዱ። በዚህ ሁለቱም ደስተኞች ነበሩ።

በ2010 ዓ.ም. ማኅበሩ በምሥረታ በዓሉ ላይ ለአቶ ይሄነው ‹‹የመንፈሳዊ ብስለት›› የምስክር ወረቀት አዘጋጀ፤ ፎቶግራፋቸው ያለበትም ትልቅ ባነር አሠራ። ሟቹ ስማቸው ሲጠራ ተነሡና፣ ‹‹የበሰለ ነገርማ ከዛፉ ይወድቃል። እኔን ተዉኝ፣ ገና ልቆይ›› ብለው ተቀመጡ። ጉባኤው አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ አላጨበጨቡም። ባነሩ እስከ ዛሬ የማኅበሩን እንጨት ከዝናብ እየጠበቀ ይገኛል።

በእነዚህ ዓመታት ወፍጮ ቤቱ ሌላ ሆኖ ነበር። ነፍሰ ጡርና አሮጊት ቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ ገበያ ውለው ርቀው የሚሄዱ እንዳይመሽባቸው ባለቤቱ ራሳቸው ጆንያ ይሸከማሉ። ቁጣው አልጠፋም። ሲመጣባቸው ግን ወደ ጓሮ ይወጡና ዳዊት ደግመው ይመለሳሉ። አንዳንድ ቀን ዱቄቱ ተፈጭቶ አልቆ እርሳቸው ገና ጓሮ ነበሩ።

ይህን ያየ ሁሉ አዘነላቸው። ሰውየው አርጅተዋል፣ በየዓመቱም አንዲት ቃል ፈልገው እየሄዱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በ2014 ዓ.ም. ማኅበሩ ሽማግሌዎች መርጦ ወደ ወ/ሮ በዛች ላከ፤ ለነፍስ ሲሉ ‹‹ተሽለዋል›› እንዲሏቸው ለመነ። ወ/ሮ በዛች ሽማግሌዎቹን በክብር አስተናግደው፣ ‹‹ሰው ሁሉ ሲያቆለጳጵሳቸው ይቆጣሉ። እኔም ከዋሸኋቸው እውነቱን ማን ሊነግራቸው ነው? ገና ስላቸው እኮ ነው የሚተጉት›› ብለው ሸኟቸው። አቶ ይሄነው ሽምግልናውን በሰሙ ጊዜ አንድ ቀን ሙሉ ተቆጡ፤ ለቁጣቸውም አንድ ሱባዔ ያዙ።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሟቹ ታመው አልጋ ላይ ዋሉ። ጳጉሜን ገባ። ወደ ጠበልም፣ ወደ ወ/ሮ በዛች ቤትም መሄድ አልቻሉም። ስለዚህ ወ/ሮ በዛች ራሳቸው ተነሡ። መንገድ ላይ መምሬ ጋሹን አግኝተው፣ ‹‹ዘንድሮ ሲጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ›› ማለታቸውን መምሬ አረጋግጠዋል። ከቀትር በኋላ ገብተው፣ ‹‹አብሽሩ ጋሼ›› ብለው ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። እስኪመሽም አልተነሡም።

የሆነውን በሠልስቱ ዕለት ለማኅበሩ የተናገሩት እንዲህ ብለው ነው፦ ‹‹ቃሌን ይዤ ጠበቅሁ። ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ አሉኝ። ሪያድ ያለው ልጅሽ ይደውላል ወይ፣ ሚስቱስ ወለደች ወይ አሉኝ። የኔአለምን ትራሱን ከእኔ ወስደሽ ለእርሷ ጀርባ አድርጊላት አሏት። እየታመሙ እኮ ነው! ስለ ራሳቸው አንዲት ነገር አላነሡ። አሁን ይጠይቁኛል፣ አሁን ይጠይቁኛል ስል መሸ። ጥያቄውን ረስተውታል። ያን ጊዜ ነው ‹ጋሼ ይሄነው፣ አሁንስ ተሽለዋል› ያልሁት፤ በሆዴ። አፍ አውጥቼ ብነግራቸው ምን ነበረበት?›› ይህን ብለው አለቀሱ። እኛም አለቀስን።

ማኅበሩ ለባለቤታቸው ለወ/ሮ የኔአለም፣ ለልጆቻቸው፣ ለአቶ አህመዲንና ለጎረቤቶቻቸው፣ ጆንያ ለተሸከሙላቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። ለወ/ሮ በዛች ደግሞ ከሁሉ የበለጠውን መጽናናት ይለምናል። አምላክ የአባላችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን።

በመጨረሻም፣ ጥቅምት 18 ቀን የአርባቸው መታሰቢያ ሲደረግ ወ/ሮ በዛች በመቃብራቸው ላይ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለመናገር ጠይቀዋል፤ ማኅበሩም ፈቅዷል። ንግግራቸው አንዲት ቃል ብቻ ስለሆነች አባላት እንዳያረፍዱ በአክብሮት እናሳስባለን።

‹‹ትጉሃን›› ጽዋ ማኅበር
መካነ ሰላም