ሸዋንግዛው እና ሌሎች

ሰኞ፣ ጥር 18

ኮምፒውተሩ አስካለን ለሁለት ከፍሏታል። ረፋዱ ላይ ደውላ የነገረችኝ ይህንን ነው። እኔ ደግሞ ድምጿን ስሰማ ታመመች ብዬ የገብስ ጆንያው ላይ ዘጭ አልኩ። ለካ ነገሩ የስም ነው።

ረጋ ብዬ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ይምታታብኛል። አስካለ የወንድሜ የጥላዬ ልጅ ናት። ያሳደግናት ግን እኔና ባለቤቴ ሸዋንግዛው ነን። እናቷ አራስ ቤት ስትሞት ወንድሜ ውትድርና ላይ ነበር። ትምህርት ቤት ላስመዘግባት የወሰድኳት ዕለት መምህሩ "የአባት ስም?" አለኝ። እጇን ይዞ የቆመው ሸዋንግዛው ነው፣ ሸዋንግዛው አልኩ። አለቀ። ባገራችን ባሳዳጊ ስም መማር ብርቅ አይደለም፣ ማንም ምንም አላለኝ። ጥላዬ ጡረታ ወጥቶ ሲመጣ ግን "ልጄ በስሜ ትጠራልኝ" አለ፣ እሷም ፍርድ ቤት ሄዳ አስለወጠች። ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብታ እያስተማረች፣ የጤና ጥናት መጻፍ ጀምራለች።

እንግዲህ የፊተኞቹ ጽሑፎቿ አስካለ ሸዋንግዛው ይላሉ፣ የኋለኞቹ አስካለ ጥላዬ። ኮምፒውተሩ ሁለት ሴቶች አደረጋቸው። ተባባሪ ፕሮፌሰር ለመሆን ደግሞ መጻፍ ብቻ አይበቃም አለችኝ፣ ሌሎች ሰዎች ስንት ጊዜ ጠቀሱሽ ተብሎ ይቆጠራል። ብዙ የተጠቀሰው የመጀመሪያው ጽሑፏ ነው። እኔ በራቤል በኩል ባሉ መንደሮች ቤት ለቤት አብሬያት የዞርኩበት፣ የዓይን ማዝ ሽፋሽፍታቸውን ወደ ውስጥ አዙሮ የሚወጋቸው ሴቶች ለምን በወረንጦ እየነቀሉ ሕክምና ሳይሄዱ ይቀራሉ ብላ የጠየቀችበት። ያ ካልተቆጠረላት ትወድቃለች። የሁለቱ ስም ባለቤት አንድ ሰው መሆኗን የሚያስረዳ ወረቀት እስከ ዓርብ እኩለ ቀን መግባት አለበት። የፍርድ ቤቱ ወረቀት ከሻንጣዋ ጋር አውቶቡስ ላይ ጠፍቷል፣ መዝገብ ቤቱ እስኪፈልግ ደግሞ ሳምንታት ነው።

"መጠቀስ ማለት ምን ማለት ነው?" አልኳት።

"እታለም፣ የቅኔ መምህር ሲያስተምር 'መምህሬ እገሌ እንዲህ ብለዋል' ይል የለ? እንደሱ ነው" አለችኝ።

ገባኝ። እንዴት እንደገባኝ። ባሕር ማዶ ያለ የማላውቀው ሐኪም ሲጽፍ የኛን ልጅ እማኝ ይጠራል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ማለት አቃተኝ፣ ቤቱን ሁለቴ ጠረግሁ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። ፈረንጆቹ የሚጠሩት ባባት ስም ነው። "ሸዋንግዛው እና ሌሎች" ብለው ይጽፋሉ። የፋሲካ ዕለት ስልኳ ላይ ስታሳየን ሸዋንግዛው "ሳላውቃቸው ያሙኛል በይኛ" ብሎ ሆዳችንን እስኪያመን አስቆናል።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

በጠዋት ቀበሌ። ጸሐፊዋ ወርቄ ልበ ቀና ሴት ናት፣ ግን ሕግ ሕግ ትላለች። የጠየቀችኝ ይኸውና፦

የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቅጂ
ሁለት ምስክሮች
የሊቀ መንበሩ ፊርማና ማኅተም
ስሙ የተሰጣት ሰው ራሱ ቀርቦ "አሳደግኳት እንጂ አልወለድኳትም" ብሎ መፈረም

የመጀመሪያው ዛሬውኑ አለቀ። ርዕሰ መምህሩ አቧራ የጠጣ መዝገብ ከመደርደሪያ አወረደልኝ፣ ሁለታችንም እያስነጠሰን ገለጥን ገለጥን፣ አገኘናት። አስካለ ሸዋንግዛው። በሰማያዊ ቀለም፣ ቁልጭ ብሎ። በጣቴ ነካሁት። ርዕሰ መምህሩ "ምነው እትዬ፣ አለቀሱ?" አለኝ። አቧራው ነው አልኩት።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁና ለሸዋንግዛው ከላይ እስከ ታች አወራሁለት። የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

"አልወለድኳትም ብዬ ልፈርም?"

"እውነት አይደል እንዴ?"

"እውነት ነው" አለ። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ "በጎቹን ልያቸው" ብሎ ወደ ጓሳ ግጦሽ ወጣ። አክስቱ እዚያ አፋፉ ሥር ናቸው፣ እሳቸው ዘንድ ሊያድር ነው። በጎቹን እኮ ትናንት ነው ያየ።

ለአስካለ አልነገርኳትም። ስትጠይቀኝ "እየሄደልን ነው" አልኳት። ውሸት አይባልም፣ ግማሹ ሄዷል።

ረቡዕ፣ ጥር 20

አልመጣም። ሦስት ሰዓት ላይ የጎረቤቴን በቅሎ ለምኜ ተከተልኩት። ንፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ሊወስደው ምንም አልቀረው። በቅሎዋም የባለቤቷን ጠባይ ወስዳለች፣ ስትፈልግ ትቆማለች።

ሸዋንግዛውን ከድንጋይ ተጠግቶ አገኘሁት። በጎቹ ደህና ናቸው፣ እሱ ነው ደህና ያልሆነው። ልቆጣው ነበር የወጣሁት፣ ዓርብ ደረሰ፣ የልጅቱን እንጀራ ልትዘጋ ነው ወይ ልለው። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

"ከፈረምኩ ያወጡታል" አለ።

"ምኑን?"

"ስሜን ነዋ። በየአገሩ የጻፉትን።"

ሳቄ አመለጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ ቆጨኝ። ሰውዬው ከፋሲካ ጀምሮ ይህንን ተሸክሞ ኖሯል። ለዕድር ሰዎችም ነግሯል። ገብስ ሲወቃ፣ በግ ሲጠብቅ፣ አንድ ቦታ ስሙ እየተጠራ እንደሆነ እያሰበ ይሠራል። ጥላዬ ሲመጣ ስሙን አንድ ጊዜ ወስደውበታል፣ ያን ጊዜ ትንፍሽ አላለም። አሁን ሁለተኛ ሊሆን ነው ብሎ ፈራ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አብሬው ኖሬ ይህንን አላወቅሁም።

ኔትወርክ የሚይዘው ከአፋፉ ላይ ነው። ወጣንና ደወልንላት፣ የስልኩን ድምፅ ለሁለታችን ከፍ አደረግሁት። ፈራ ተባ እያለ ጠየቃት።

"አባባ፣ የታተመ አይፋቅም" አለችው። "ወረቀቱ የሚለው ሁለቱም እኔ ነኝ ነው። ይኸው ብቻ ነው።"

"ፈረንጆቹስ? መጥራታቸውን ይተዋሉ?"

"እንዴት ይተዋሉ? እኔ ብሞት እንኳ ሸዋንግዛው እንዳሉት እያሉ ይጽፋሉ።"

"አትሙቺ" አላት። ቀጥሎ ደግሞ፣ "ጥላዬንስ ይጠቅሱታል?"

"አልፎ አልፎ።"

"በይ ይህን እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል።"

አባባ የምትለው እሱን ነው፣ ወላጅ አባቷን ጋሼ ትላለች። ስንወርድ በቅሎዋን እሱ ሳባት፣ እኔ ተቀምጬ አፌ ሳይከደን ወረድኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

በዓል ነው፣ ቀበሌ ዝግ ነው። ይህን ማሰብ የነበረብኝ ሰኞ ነበር። ደግነቱ የምፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ ዛሬ አንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ወርቄ፣ ሊቀ መንበሩ፣ አስካለን ያጠመቋት ቄስ፣ ወንድሜ ጥላዬ።

ሊቀ መንበሩ "በማርያም ቀን ማኅተም አላነሣም" አለ።

"ማኅተሙን ነገ ያነሡታል፣ ዛሬ ጆሮዎን ብቻ ነው የምፈልገው" አልኩት። ሳቀ፣ ቁጭ አለ።

ወርቄ ጉልበቷ ላይ ወረቀት ዘርግታ ጻፈች። ቄሱና ጥላዬ ምስክር ሆኑ። ጥላዬ መቼም አፉ አያርፍም፣ "ሸዋንግዛው፣ ስሜን ከፈረንጅ አፍ ነጥቀህ እንዴት ነህ?" አለው። እኔ ደነገጥኩ። ሸዋንግዛው ግን "አንተ ዘግይተህ መጣህ፣ እነሱ ቀድመው ጻፉ" አለው። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ።

ፊርማው ላይ ሲደርስ ሸዋንግዛው እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። "አልወለድኳትም የሚለው አልጣመኝም" አለ። "የወለዳት ጥላዬ ነው፣ ልጅነቷ የሁለታችን ነው፣ በይልኝ።"

ወርቄ ፎርሙ እንደዚህ አይልም አለች። ወላጅ አባቷ ከተስማማ ግን ልጽፈው እችላለሁ አለች።

ቀና ብዬ ወንድሜን አየሁት። እምቢ ካለ ሁሉም ነገር እዚያው ይፈርሳል። ጥላዬ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጭንቅላቱን አከከ። "እንደሱ ብለሽ ጻፊው" አላት።

ሁለቱም ፈረሙ። እኔ ወደ ግንቡ ዞሬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ዓርብ፣ ጥር 22

ድል ነው። ቀለሙ ደርቆ ማኅተሙ አልታይ ቢልም፣ ወርቄ ጠብ ጠብ አድርጋ ውሃ ጨምራበት በሦስተኛው ታየ። ፎቶ አነሣን። የኔ ስልክ አልልክም አለ። የወርቄም አልልክም አለ። ዘመሮ ገበያ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴትዮ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ላከችልኝ።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ "ደረሰ" የሚል መጣ። "ደረሰ" ብቻ። አምስቴ አነበብኩት። ቀጥሎ ሁለቱን ስሞች ኮምፒውተሩ ላይ ራሷ አንድ እንዳደረገቻቸው፣ የተጠቀሰችበትም ከእጥፍ በላይ እንደሆነ ጻፈችልኝ። ቁጥሩን ነግራኝ ነበር፣ በደስታ ብዛት ረሳሁት። ሸዋንግዛው ተቆጣኝ፣ "ዋናውን ነገር ነው የረሳሽው" ብሎ።

ኮሚቴው የሚቀመጠው ከሰዓት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ያዝኩ ለቀቅሁ። ባቄላ ለቅሜ የለቀምኩትን መልሼ ቀላቀልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ገና ፀሐይ ሳትሞቅ ደወለች። አልፋለች። ሁለቱንም ቆጥረውላታል፣ የወረንጦውን ጽሑፍ ጨምረው። ደብዳቤውን የኮሚቴው ሰብሳቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ፣ "ልጅነቷ የሁለታችን ነው" ላይ ሲደርስ ሁለቴ እንዳነበበው ነገረችኝ። አንዱ ፕሮፌሰር መነጽሩን አውልቆ ጠረገ አለችኝ።

እልል ልል አፌን ስከፍት "ቆይ እታለም" አለች። ገና የዩኒቨርሲቲው ትልቁ ጉባኤ ይቀራል፣ እዚያ ሲጸድቅ ነው ያለቀ የሚባለው። ብዙ ጊዜ ከታች ያለፈውን አይመልሱም፣ ግን አይታወቅም። ሁለት ሳምንት ይሁን ሦስት አላወቀችም። እልልታዬን ዋጥ አደረግሁት፣ ግማሹ ግን አመለጠኝ፣ ጎረቤቴ በቅሎዋ ወለደች እንዴ ብላ ወጣች።

ለሸዋንግዛው ሄጄ ነገርኩት። አጥር እያጠበቀ ነበር። ሰምቶ ሲያበቃ መዶሻውን መሬት አስቀመጠ።

"ትልቁ ጉባኤም ወረቀት ይፈልግ እንደሆን ጠይቂያት" አለኝ። "ዛሬም ልፈርም እችላለሁ።"